የሁሉም በሽተኛ ትንፋሽ እንዴት 20 ይሆናል?

የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ርክክብ ጨርሼ የበሽተኞቹን ቻርት አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ክፍሉ 14 አልጋ ነበረው። ሌላውን ሁሉ ትቼ በደቂቃ ያለው የትንፋሽ ቁጥር የሚጻፍበትን መስመር ብቻ ተከተልኩ። 20። 20። 20። 18። 20። 20። አስም ይዞት የገባው ልጅ 20። ትናንት የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወጣት 20። በሳንባ ምች የተኙት እናት ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋትም 20፣ ማታም 20።

እሳቸው አልጋ ጋ ሄድኩ። ሁለት ትራስ ደርበው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ቀና ብለው ነበር የተኙት። «እናቴ፣ እንዴት አመሹ?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ... እግዚአብሔር ይመስገን... ልጄ» አሉኝ። ይቺን ለማለት ሁለት ጊዜ ቆም ብለው አየር ሳቡ። ጋቢውን ዝቅ አድርጌ፣ እጃቸውን ይዤ፣ ዓይኔን ደረታቸው ላይ ተከልኩ። ሰዓቴ አንድ ዙር እስኪጨርስ ቆጠርኩ። 34 ሆነ።

ከ20 ተነስቶ በአንዴ 34 የደረሰ አይመስለኝም። የቆጠረ ሰው ስላልነበረ ነው። ይህን የምለው የሥራ ባልደረቦቼን ለመክሰስ አይደለም። እኔም ሳልቆጥር 20 ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። ሥራ ሲደራረብ ቁጥሩ ሳይታሰብ ከእስክሪብቶ ይወጣል። ያ ሌሊት ግን ከውስጤ አልወጣም።

ሐኪም ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚለካቸው ነገሮች አሉ። ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ደም ግፊት፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን። እኛ በሥራ ላይ «ቫይታል ሳይን» እንላቸዋለን። የበሽተኛው ንቃትም አብሮ ይታያል። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ለተማሪና ለጀማሪ ነው የሚሰጠው። ነገር ግን ሰውነት «እየደከምኩ ነው» ብሎ መጀመሪያ የሚናገረው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ ተኝተው ሳለ «ልባቸው በድንገት ቆመ» የሚባሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ቻርታቸው ወደ ኋላ ሲታይ ግን ከሰዓታት በፊት አንዱ ወይም ሌላው ቁጥር መናጋት ጀምሮ ነበር። ድንገት የሆነው ለእኛ እንጂ ለበሽተኛው አልነበረም።

ትንፋሽ ይቀድማል

ደም ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ አንጎል «ቶሎ ቶሎ ተንፍስ» ብሎ ያዛል። ኢንፌክሽን ሰውነትን አዳርሶ አሲድ ሲጠራቀም፣ ኩላሊት ሲደክም፣ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን አቋርጦ ደሙ ውስጥ አሲድ ሲበዛ ትእዛዙ ያው ነው። ሰውነት አሲዱን በትንፋሽ ሊያራግፍ ይሞክራል። ስለዚህ ሳንባው ምንም ያልሆነ ሰውም ትንፋሹ ሊፈጥን ይችላል። «ሳንባው ንጹሕ ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ደም ግፊት ሌላ ጠባይ አለው። ሰውነት ግፊቱን እስከ መጨረሻው ታግሎ ይይዛል። ጤነኛ የነበረ ወጣት በመኪና አደጋ የደሙን ሩብ ያህል አፍስሶ እንኳ፣ ተኝቶ ሲለካ የላይኛው ግፊቱ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። የደም ሥሮቹ ጠበው፣ ልቡም ፈጥኖ ነው ጉዳዩን የሸፈኑት። ግፊቱ ሲወርድ መቋቋሚያው አልቋል ማለት ነው። «ቢፒው ደህና ነው» ብሎ የሚረጋጋ ሰው በዚህ ይታለላል። ቀድሞ የሚፈጥነው የልብ ምቱና ትንፋሹ ነው።

አዋቂ ሰው አርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። 25 ከገባ አልጋው አጠገብ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በሳንባ ምች የታመመ ሰው 30 ከደረሰ ሕመሙ ከከባዶቹ ይቆጠራል።

ለሕፃናት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቀላል ልክ አለ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኗል። ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው ልኩ 50 ነው። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40። ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ልጅ ከዚህ ከደረሰ የሳንባ ምች ተብሎ ይታከማል። ራጅ የለም፣ ላቦራቶሪ የለም። በገጠር ጤና ኬላ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚህ ቁጥር ብቻ ተነስታ መድኃኒት ትጀምራለች፣ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። አንዳንዶቹ ጋ ደቂቃው ሲሞላ ጢጥ የሚል ትንሽ የመቁጠሪያ ሰዓት አለ። እናትየው ልጁን ታቅፋ ትቀመጣለች፣ ልብሱ ከፍ ይደረጋል፣ ሁለቱም ዝም ብለው ሆዱን ያያሉ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይሄ ነው። ጤና ኬላ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። ራጅና ላቦራቶሪ ባለበት ትልቅ ሆስፒታል ግን አይቆጠርም። ምክንያቱ ስንፍና አይመስለኝም። ጤና ኬላው ላይ ከቁጥሩ በኋላ የሚወሰን ነገር አለ፤ 38 እና 42 የተለያየ መንገድ ያስይዛሉ። ዋርድ (የተኝቶ መታከሚያ ክፍል) ውስጥ ግን 20 ቢጻፍም 28 ቢጻፍም ብዙ ጊዜ የሚመጣ ለውጥ የለም። ማንም የማያየውን ቁጥር ማንም ተጨንቆ አይለካውም።

አቆጣጠሩ ላይ ሁለት ነገር ልበል። «አሁን ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» ከተባለ ሰው ሳያስበው ትንፋሹን ይለውጣል። ስለዚህ የእጅ አንጓውን እንደያዙ፣ የልብ ምት የሚቆጥሩ መስለው ደረቱን ማየት ነው። ሌላው፣ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ስህተቱንም በ4 ያበዛዋል። የታመመ ሰው ትንፋሽ ደግሞ እኩል አይሄድም፤ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ቆም ይላል። አንድ ደቂቃ ያስፈልገዋል። ሕፃን ከሆነ ሲያለቅስና ሲጠባ የተቆጠረው አይታመንም። እስኪረጋጋ መጠበቅ ነው።

ጣት ላይ ያለችው መሣሪያ

ጣት ላይ የምትቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ በኮቪድ ጊዜ ያልተዋወቃት የለም። መነሻ ሐሳቧን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነው። ቀይ ብርሃንና ለዓይን የማይታይ ሌላ ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ብርሃኑን በተለያየ መጠን ይውጡታል። ከልዩነቱ ተነስታ መቶኛውን ታሰላለች። ድንቅ ነገር ናት። ግን በእኛ አገርና በእኛ ቆዳ ላይ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት።

አንደኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ መማሪያ መጻሕፍት ላይ «ጤናማው ከ95 በላይ ነው» የሚለው ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ጤነኛ ሰው 93 ቢያሳይ ብዙ ላያስደነግጥ ይችላል። ጋምቤላ ላይ ያለ ሰው ያው 93 ቢያሳይ ግን «ለምን?» መባል አለበት። መሣሪያው አንድ ነው፣ ቁጥሩም አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን እንደ አገሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ ነበር። የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ተገኘ። የሄሞግሎቢን መጠናቸውም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም አልተለየም። ተመራማሪዎቹ በቲቤትና በአንዲስ ተራሮች ካዩት የተለየ፣ ሦስተኛ ዓይነት መላመድ ነው አሉ። ስለዚህ ከፍታው ለሁሉም ነገር ማመካኛ አይሆንም። «አገሩ ደጋ ስለሆነ ነው» እየተባለ 88 ሲታለፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ደጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው 88 ካሳየ ታሟል ብሎ መጀመር ይሻላል። ለሕፃናት ደግሞ ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ይህ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ነው።

ሁለተኛው የቆዳ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት ወጣ። ጣት ላይ ያለችው መሣሪያ ከ92 እስከ 96 ስታሳይ፣ በዚያው ሰዓት ከደም ወሳጅ ቧንቧ የተቀዳው ደም በላቦራቶሪ ከ88 በታች የሆነባቸው ሰዎች ተቆጠሩ። ከነጭ በሽተኞች 3.6 በመቶ ላይ ነው ይህ የታየው። ከጥቁር በሽተኞች ግን 11.7 በመቶ ላይ። ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። መሣሪያዋ ጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጋ የመንገር ዝንባሌ አላት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በማግሥቱ ዓመት ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ አምራቾች መሣሪያውን በተለያየ የቆዳ ቀለም ላይ በደንብ እንዲፈትሹ የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ አቀረበ።

ይህ ጉዳይ አሜሪካና እስራኤል ላለ ወገናችን የሕይወት ጉዳይ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ 94 አሳይቶ «ደህና ነህ፣ ቤትህ ሂድ» ሲባል፣ እሱ ግን ደረጃ ሦስት እርምጃ ወጥቶ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ያን ነገር ጮክ ብሎ መናገር መብቱ ነው። «ስራመድ ምን ያህል እንደሚሆን ለኩልኝ» ማለት ይችላል። አገር ቤት ደግሞ የሁሉም በሽተኛ ቆዳ ይኸው ነው። ከደም ወሳጅ ቧንቧ ተቀድቶ የሚሠራው ምርመራ ደግሞ በየሆስፒታሉ የለም። ስለዚህ እኛ ያለን ማጣሪያ የበሽተኛው ትንፋሽ ነው። መሣሪያዋ 94 ብላ ሰውየው በደቂቃ 32 ጊዜ የሚተነፍስ ከሆነ፣ እኔ የማምነው ሰውየውን ነው።

የቀዘቀዘ ጣት፣ የጥፍር ቀለም፣ መንቀጥቀጥም ቁጥሩን ያዛባሉ። ጣቱን አሙቆ፣ ቀለሙን አስለቅቆ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ ነው።

ደም ብዛት፣ ደም ማነስ

ስሙ ራሱ ያደናግራል። «ደም ብዛት» ስንል ደም ከልክ በላይ የሞላ ይመስላል። ግፊቱ ዝቅ ያለባትን ሴት ደግሞ «ደምሽ አንሷል» እንላታለን። እሷም ሄዳ ቀይ ሥር ትበላለች፣ የብረት ኪኒን ትገዛለች። የደም ማነስ በሽታ ሌላ ነው፤ እሱ በላቦራቶሪ ነው የሚታወቀው። የደም ግፊት ዝቅ ማለት ሌላ ነው። ከለካን በኋላ «ግፊትሽ 90 በ60 ነው፣ ይህ ስለ ደምሽ መጠን ምንም አይናገርም» ብሎ ማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን አናደርገውም።

አለካኩ ላይ ያለው ስህተት ደግሞ ቁጥሩን ብዙ ያንቀሳቅሰዋል። ሰውየው ታክሲ ተጋፍቶ፣ ሦስተኛ ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣ ወረፋ ላይ ተከራክሮ ይገባል። ገና ሳይቀመጥ ክንዱ ይታሰራል። እጅጌው ተጠቅልሎ ክንዱን አንቋል። ነርሷ «ዛሬ ምን አመመዎት?» ትለዋለች፣ እሱ ያወራል፣ መሣሪያው ይነፋል። የወጣው 152 የማን ነው? የሰውየው ነው ወይስ የደረጃው?

ትክክለኛው እንዲህ ነው። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። ጀርባን መደገፍ፣ ሁለት እግርን መሬት ላይ ማሳረፍ፣ እግር አለማጣመር። ሽንት ከያዘ መጀመሪያ መሽናት። ከቡና በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት፤ በረካውን ጠጥቶ ብድግ ያለ ሰው ትክክለኛ ቁጥሩን አያገኝም። ክንዱ ባዶ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይቀመጥ። አለማውራት።

የክንድ አቀማመጡ እንደ ትንሽ ነገር ይታያል። አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ክንድ ጭን ላይ ሲቀመጥ የላይኛው ቁጥር በ4 ገደማ፣ በጎን ተንጠልጥሎ ሲለካ ደግሞ ከ6 በላይ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ክንድ ላይ የሚታሰረው መጠቅለያ ልክ ደግሞ ይብሳል። በጣም ትልቁን መጠቅለያ የሚፈልግ ወፍራም ክንድ በተለመደው ሲታሰር ቁጥሩ 20 ያህል ከፍ ሊል ይችላል። ይህም የዚያው ተቋም ጥናት ነው። የእኛ አገር ችግር ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ክንዱ ቀጭን ነው፣ ያለው መጠቅለያ አንድ ብቻ ነው፣ ሰፍቶት ይዞራል። ያኔ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ግፊት ያለበት ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ይሄዳል።

በ2015 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ወደ 16ቱ ከፍተኛ ደም ግፊት ነበረባቸው። አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው ራስ ምታትን ነው። «ራሴን ካላመመኝ ደህና ነኝ» ይላል። ደም ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው ኩላሊትና ልብ ላይ የሚደርሰው። ከመለካት በቀር ማወቂያ የለውም።

ልኩም ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 130 በ80 ከደረሰ ደም ግፊት አለብህ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ ግን 140 በ90 ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወንድም በ134 «ታመምኩ» ብሎ ይደውላል፣ አዲስ አበባ ያለች እህቱ በ136 «ደህና ነሽ ተባልኩ» ትለዋለች። ሁለቱም ሐኪሞች አልተሳሳቱም። መስመሩን ያሰመሩበት ቦታ ነው የተለያየው። የሁለቱም ግፊት ግን ክትትል ይፈልጋል። አንድ ቀን በተለካ ቁጥር ደግሞ ማንም የዕድሜ ልክ መድኃኒት አይጀምርም፤ በጣም ከፍ ካላለ በቀር በሌላ ቀን ይደገማል።

እርጉዝ ሴት ላይ ግን ቀልድ የለም። ከ20 ሳምንት በኋላ 140 በ90 ከሆነ በዚያው ቀን ይጣራል። 160 በ110 ከደረሰ ድንገተኛ ነው። ደግሞ የራሷን የቀድሞ ቁጥር ማወቅ ይረዳል። በፊት 95 በ60 የነበረች ሴት ዛሬ 134 በ86 ብትሆን ገና መስመሩን አላለፈችም። ግን ብዙ መንገድ ተጉዛለች። የቀድሞው ካርድ ላይ ሁሉም ጊዜ «110/70» ተብሎ ከተሞላ ይህን ጉዞ የሚያይ የለም።

ከወሊድ በኋላም እንደዚሁ ነው። የልብ ምቷ 110፣ የላይኛው ግፊቷ 100 የሆነች አራስ አለች እንበል። ለየብቻ ሲታዩ አያስጮሁም። የልብ ምቱን ለግፊቱ ስናካፍለው ግን 1.1 ይመጣል። ጤነኛ ሰው ላይ 0.7 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ 0.9 ሲደርስ ደም እየፈሰሳት ይሆናል ብሎ ማሰብ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ፣ የፈሰሰው ደም 300 ሚሊ ሊትር ደርሶ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ከተዛባ ሕክምናው እንዲጀመር ይላል። ድሮ 500 ነበር የሚጠበቀው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ የሚያተርፍላት የተለካ የልብ ምት ነው።

ስለ ሙቀት ብዙ አልልም። እናት ግንባር ዳስሳ የምታውቀው ነው፤ እጇም ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። በብብት 37.5 ከደረሰ ትኩሳት ነው። የሚረሳው ግን ቅዝቃዜው ነው። ሽማግሌ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። እንዲያውም ሊቀዘቅዙ ይችላሉ። 35 ከ39 የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጠዋት ፓራሲታሞል የዋጠ ሰው ደግሞ ቀትር ላይ ሲለካ ቀዝቅዞ ቢገኝ ድኗል ማለት አይደለም።

ቁጥሮቹ አንድ ላይ ሲቆሙ

የብሪታንያ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የነጥብ አሰጣጥ አወጣ፤ በ2017 አሻሻለው። እያንዳንዱ ቫይታል ሳይን ከልኩ በራቀ ቁጥር ከ1 እስከ 3 ነጥብ ያገኛል። ድምሩ 5 ሲደርስ ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራል፣ በሽተኛውም ቢያንስ በየሰዓቱ ይለካል። 7 ሲደርስ የአጣዳፊ ቡድን ይመጣል።

የእኚያን እናት ቁጥሮች በዚህ አስቀመጥኳቸው። የልብ ምት 104፣ አንድ ነጥብ። ኦክስጅን 93፣ ሁለት ነጥብ። ግፊት 112 በ68፣ ዜሮ። ሙቀት 37.8፣ ዜሮ። ነቅተዋል፣ ዜሮ። ትንፋሽ 20 ከሆነ ዜሮ፤ ድምሩ 3 ነው። «ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይታችሁ ለኩ» ይላል መመሪያው። ትንፋሽ 34 ከሆነ ግን 3 ነጥብ ይጨመራል። ድምሩ 6 ሆነ። «ሐኪም ይጠራ» ማለት ነው። ያልተቆጠረው አንድ ደቂቃ በሽተኛዋን ከአስቸኳይ ወደ ተራ አወረዳቸው።

ይህ መለኪያም እንዳለ አይገለበጥም። 93 ኦክስጅን ለንደን ላይ ሁለት ነጥብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ አስታማሚም ሊያመጣው ይችላል። የተዋስነውን ነገር ከከፍታችን ጋር ማስማማት የእኛ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ትንፋሹን መቁጠር ግን ለማስማማትም አያስቸግርም።

ለምን አይሆንም ታዲያ? ሒሳቡን ላስላ። 14 በሽተኛ፣ ለአንዱ በትንሹ 5 ደቂቃ። 70 ደቂቃ ነው። በሌሊት ሦስት ጊዜ ከሆነ ሦስት ሰዓት ተኩል። በዚህ መሀል መድኃኒት አለ፣ ግሉኮስ ያለቀበት አለ፣ አዲስ የገባ አለ፣ የሚያቃስት አለ። የደም ግፊት መለኪያው አንድ ነው፤ ጎረቤት ክፍል ወስዶታል። የኦክስጅን መለኪያው ባትሪ ጨርሷል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለች ነርስ ላይ ጣት መቀሰር አልችልም።

የማልቀበለው ግን አንድ ነገር አለ። ለቁጥጥር የሚመጣ ሰው ባዶ ሳጥን ካየ ይቆጣል። የተሞላ ሳጥን ካየ ያልፋል። የተሞላው እውነት ይሁን አይሁን አልጋ ጋ ሄዶ አያይም። ስለዚህ ባዶ መተው ያስቀጣል፣ ገምቶ መሙላት አያስቀጣም። እንዲህ ባለ ቦታ 20 ባይጻፍ ነው የሚገርመው። እኔ ብሆን «አልተለካም» ብሎ መጻፍ ይፈቀድ እላለሁ። ባዶው ሳጥን ቢያንስ አይዋሽም። የሚቀጥለው ተረኛ ያየዋል፣ ይለካል። 20 የሚለው ውሸት ግን «ታይቷል፣ ደህና ነው» ብሎ በሩን ይዘጋዋል።

ጊዜ ካጠረ ደግሞ ሁሉንም በግምት ከመሙላት፣ በጣም የታመሙትን አራት ሰዎች በትክክል መለካት ይሻላል። ራውንድ ላይ (ሐኪሞች አልጋ በአልጋ ሲዞሩ) ሐኪሙ «ትንፋሹ ስንት ነው? ማን ቆጠረው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በሳምንት ውስጥ ዋርዱ ይለወጣል። ይህን በአንድ ሐኪም አይቼዋለሁ። ቻርት ዘግቶ ራሱ ቆሞ ይቆጥር ነበር። እሱ የሚገባበት ቀን ሁላችንም እንቆጥር ነበር።

አስታማሚም ይችላል። አልጋው ጎን ያለ ልጅ ወይም እህት ከእኛ ሁሉ የበለጠ ሰዓት በሽተኛው ጋ ትቀመጣለች። ስልኳ ላይ ሰዓት አለ። «ሲስተር፣ ከማታ ጀምሮ ትንፋሹ ፈጠነብኝ፣ አሁን 30 ቆጠርኩ» ብላ ብትመጣ፣ «ሄደሽ ተቀመጪ» የሚላት ነርስ የለም ማለት አልችልም። ግን ቁጥር ይዛ ከመጣች ለመመለስ ይከብዳል።

ያን ሌሊት ተረኛውን ሐኪም ቀሰቀስኩት። ኦክስጅን ጀመርን፣ መድኃኒቱ ተቀየረ። በየሰዓቱ እየሄድኩ ቆጠርኩ። 34። 32። 32። 30። ሊነጋ ሲል 28። ጠዋት የቀኗ ተረኛ መጣች። ቻርቱን አየችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። የተቆጠረ ነው አልኳት። ኮቷን ሳታወልቅ ወደ አልጋው ሄደች። «እናቴ እንዴት አደሩ?» ብላ እጃቸውን ያዘች፤ ዓይኗ ግን ደረታቸው ላይ ነበር። አንድ ደቂቃ ቆየች። ተመልሳ መጥታ 28 ብላ ጻፈች።